ዝናብ ሳይዘንብ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ

ጥያቄ፦ «ሰላም ኢንጂነር። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ እናቴ ግን ጉጉፍቱ አካባቢ ገጠር ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት የሳር ቤቷን አፍርሼ 5 በ7 የሆነ የጭቃ ቤት፣ ክዳኑ ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ሠራሁላት። ከጥቅምት ወዲህ ዝናብ ሳይዘንብ ሌሊት ሌሊት ጣሪያው አልጋዋ ላይ ያንጠባጥባል። የግድግዳው እግር እርጥበት ይዞ ልስኑ ይረግፋል። ብርዱንማ አያንሱት፤ ‹የሳሩ ቤት ይሻለኝ ነበር› እያለች ትቀልድብኛለች። አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቼ ውስጡንም ውጭውንም ላስለስነው አስቤያለሁ። እስከዚያው ማታ ማታ ከሰል አያይዛ ብትተኛስ? ሳል አላት፤ ምድጃውም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ወይስ ብርዱ እስኪያልፍ ኮምቦልቻ ላምጣት? ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አብሽር፤ ቤቱ አልተበላሸም። ሲሚንቶውን ግን ገና ካልገዛህ አምስት ኩንታል አትግዛ። ብርዱ በዋናነት የሚገባው በጣሪያው ነው፤ እርጥበቱ የሚገባው በግድግዳው እግር ነው። ልስን ሁለቱም ጋ አይደርስም።

እናትህ ስለ ሳሩ ቤት ያሉትን እንደ ቀልድ ወስደኸዋል። እኔ ከደብዳቤህ ውስጥ ደግሜ ያነበብኩት እሱን ነው፤ እውነታቸውን ነዋ። በደንብ የተከደነ የሳር ጣሪያ ውፍረቱ ከስንዝር ያልፋል። በሳሩ መሃል የታፈነ አየር አለ፤ የታፈነ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ጋቢ የሚያሞቀን በዚሁ ምክንያት ነው። አንተ ያንን ጋቢ ገፈህ ሩብ ሚሊሜትር የማይሞላ ብረት አለበስካቸው። ብረት ደግሞ ሙቀትን ከጭድ በመቶዎች እጥፍ ያስተላልፋል። በዚያ ላይ የድሮው ጎጆ ክብና ጠባብ ስለነበር ትንሽ እሳት ይበቃው ነበር። አዲሱ ሰፊ ነው፤ ጣሪያውም ከፍ ያለ ነው። ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መካከልም እጅ የሚያስገባ ክፍተት እንዳለ ሳላየው እገምታለሁ፤ አናጢዎቻችን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚተዉት። ወደ ሳር ተመለስ አልልህም። ሳሩም እንደ ድሮው አይገኝም፣ ቆርቆሮም ብዙ ጥቅም አለው። ግን ቆርቆሮ ክዳን ብቻ ነው፤ የሳሩን ሌላውን ሥራ የሚሠራ ነገር ከሥሩ ያስፈልገዋል።

የከፍታውን ነገር ደግሞ አስበው። አንተ ኮምቦልቻ ላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። የሐረጎን ዳገት ጠምዝዘህ ደሴ ስትወጣ 2,500 ሜትር አካባቢ ትደርሳለህ፤ ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አንተ አንሶላ ደርበህ በምትተኛበት ሌሊት እናትህ ያሉበት አየር ካንተው በ7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የቀዘቀዘ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ቆርቆሮው ያለውን ሙቀት ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ጎሕ ሲቀድ ግቢው ደህና ሆኖ ክዳኑ ላይ ነጭ አመዳይ የምታየው ለዚህ ነው።

ጠብታው ከየት እንደሚመጣ እኔም የተማርኩት ተኝቼ ነው። አንድ ኅዳር ላይ በአቀስታ መንገድ ከአንድ ገበሬ ቤት አድሬ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ፊቴ ላይ ጠብ ሲልብኝ ዘነበ ብዬ ብወጣ ደመና የሚባል የለም፤ ሰማዩ በከዋክብት ሙሉ ነው። ተመልሼ ባትሪ ወደ ላይ ሳበራ በየሚስማሩ ጫፍና በየወራጁ ጠርዝ ጠብታ ተደርድሯል። ቆርቆሮውን በጣቴ ነካ ባደርገው አንድ ቦይ ሙሉ ተያይዞ ብርድ ልብሴ ላይ ወረደ። ያ ውሃ የራሳችን ትንፋሽ ነበር። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በቆዳው ሁለት ሦስት ስኒ ውሃ ይለቃል፤ የምድጃው እንፋሎት አለ፤ በጎች ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ የእነሱም ይጨመራል። ሙቁ አየር ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ የወጥ ድስት ክዳን ስትገልጥ የሚወርደው ማለት ነው። ስለዚህ ክዳንህ አልተቀደደም። «የሚስማሩን ቀዳዳ በሲሊኮን ልድፈንልህ» የሚል ሰው ከመጣ ቡና ጠጥቶ ይሂድ፤ ገንዘብ ግን አትስጠው።

እንግዲህ ኮርኒስ ሥራ ልልህ ነው። ከዚያ በፊት ግን እሳቱ ከቤቱ መውጣት አለበት፤ እዚህ ቅደም ተከተል ላይ ግትር ነኝ። ዛሬ እናትህን ከጭስ ትንሽ የሚያተርፋቸው ብርድ ያስገባል ብለህ የምትጠላው ያ ክፍተት ነው። ኮርኒስ ሠርተህ፣ ክፍተቱን ደፍነህ፣ ምድጃውን እዚያው ከተውከው ሳላቸውን አንተ ራስህ ታብስባቸዋለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ማድ ቤት። 2 በ2 ተኩል ይበቃል። ከቤቱ ጎን ይሁን፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ መኝታው የማይመልስበትን በኩል እናትህን ጠይቃቸው፤ ከኔም ካንተም ይልቅ የግቢያቸውን ነፋስ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በዝናብ ቀን ሜዳ እንዳያቋርጡ ከቤቱ ጋር በዳስ አገናኘው። ይህን ሳታደርግ ብትቀር እሳቱ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ይገባል፤ ስንት ቤት አይቻለሁ፣ ማድ ቤቱ የበግ ማደሪያ ሆኖ ምድጃው ሳሎን የተመለሰበት።

ደጋው ላይ ማገዶው አብዛኛው ኩበት ነው፤ ኩበት ከደረቅ እንጨት የበለጠ ያጨሳል። ለእንጀራው ሚርት ምድጃ ብትገዛላቸው ጥሩ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚከድነው ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጭስ ማውጫ ያለውን ምረጥ፤ ቱቦውም ከክዳኑ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይውጣ፤ ካጠረ ነፋስ መልሶ ያስገባዋል። ሳሉን በተመለከተ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል፤ ሁሉን በጭስ አታመካኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይህንኑ ነው የምትነግርህ።

ከሰሉን ግን በፍጹም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ደህና ነው ይላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስም ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ይቀማል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው፣ ጉልበቱ ሲከዳው ይወጣል። የተኛ ሰው ይህ ሁሉ አይሰማውም። «ከሰል አፍኗቸው አደሩ» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ወሎዬ ያለ አይመስለኝም። ኮርኒስ የተሠራለትና ክፍተቱ የተደፈነ ቤት ደግሞ ከድሮው ይብሳል።

ቡናውስ ትለኛለህ። እሱን ከቤት አውጣ ለማለት አልደፍርም፣ እኔም ወሎዬ ነኝ። ከሰሉ ደጅ ይያያዝ፤ ጀበናው እስኪወርድ በሩና መስኮቱ ገርበብ ይበሉ፤ በረካው ከተቀዳ በኋላ ፍሙ ከነማንደጃው ይውጣ። ለመኝታ የሚሆን ሙቀት ከተፈለገ ባለ 3 ሊትር ጠንካራ ጀሪካን ትኩስ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስገባት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሙቀቱ አለ። ፈልቶ ወዲያው አይሞላ፣ ትንሽ ይብረድ፤ ስሱ የውሃ ጠርሙስ ላይ ደግሞ አይሞከር፣ ይኮማተራል።

አሁን ወደ ኮርኒሱ። ከተማ የለመድነው አቡጀዲ ወጥሮ ቀለም መቀባት ወይም ቺፕውድ መምታት ነው። ለጉጉፍቱ አቡጀዲ ብቻውን አይበቃም፤ ነፋስ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይዝም። እኔ የማሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቤቱን ለሁለት ክፈለው። እናትህ የሚተኙባት 3 በ5 የሆነች ክፍል ትበቃለች፤ 35 ካሬውን ሁሉ ለማሞቅ አትድከም። በዚያች ክፍል ላይ ከወለሉ 2 ሜትር ከ20 ከፍታ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣና በየ40 ሳንቲሙ ደርድርና ከግድግዳው ቋሚዎች ጋር እሰረው። ከዚያ የማዳበሪያ ከረጢት ሰብስብ፤ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፣ የማዳበሪያ ትርፍ ይዞ እንዳይቀር። ደረቅ ጭድ ሙላበት፤ ጢቅ አድርገህ አትጠቅጥቀው፣ ሲተኛ 15 ሳንቲም ያህል ውፍረት እንዲኖረው አድርገህ አፉን ስፋው። እንደ ፍራሽ ጎን ለጎን አጠጋግተህ አጣናው ላይ ደርድር። ለዚያች ክፍል 40 ያህል ከረጢት ያስፈልግሃል። ከሥር አቡጀዲውን ወጥረው፤ አቧራም ይይዛል፣ ቤትም ያሳምራል።

ጭዱን በከረጢት አድርግ የምልህ ከልምድ ነው። ልቅ የተበተነ ጭድ ይሰምጣል፣ አይጥ ጎጆ ይሠራበታል፣ ሲርስ አታወጣውም። ከረጢት ግን የተበላሸውን ለይተህ ታወርዳለህ። ከጭዱ ጋር የተነፋ አመድ ብትቀላቅል አይጥና ተባይ ይቀንሳል። ዋናው መድኃኒት ግን ድመት ነው። ከከረጢቱ ጀርባ እስከ ቆርቆሮው አንድ ስንዝር ክፍት ተው። በቤቱ ሁለት ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር ሦስት ማዕዘን ሆኖ በሚቀረው ግድግዳ ላይ፣ ወፍ በማያስገባ ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ ይኑር። ብርቱ ውርጭ ባለበት ሌሊት ቆርቆሮው አሁንም ትንሽ ያልበው ይሆናል፤ ጠብታው ግን ከረጢቱ ጀርባ ላይ ያርፍና ጠዋት ፀሐይ ክዳኑን ሲመታው ይደርቃል፤ እናትህ ላይ አይደርስም። የመብራት ወይም የሶላር ሽቦ በጭዱ መሃል አይለፍ፤ ከአቡጀዲው በታች በቱቦ ይሂድ። እሳት የሚነድበት ማድ ቤት ላይ ደግሞ ይህን ኮርኒስ እንዳትሞክረው።

አንዳንድ ባለሙያ አጣናው ላይ ጭቃ ምረግበት ይልሃል። ሙቀት ይይዛል፣ እሱስ ልክ ነው። ግን በጭንቅላትህ ላይ ስንት ኩንታል አፈር ሰቀልክ ማለት ነው። አገራችን የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናት፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬና መጀቴ አካባቢ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሽማግሌዎች አሁንም ያነሡታል። ከላይ ቀላል ነገር ይሻላል።

ማድ ቤቱ ወጥቶ ኮርኒሱ ከተሠራ በኋላ የመኝታውን ክፍተት በጭቃ ድፈነው። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ከፍ ብሎ ሁለት ቡጢ የምታህል ቀዳዳ በሁለት ትይዩ ግድግዳ ላይ ይቅር። ሰው ይተነፍሳል።

ወደ ግድግዳው ስመጣ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። በተመረቅኩ በዓመቱ ኩታበር ያለውን የአክስቴን ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ለሰንኩት፤ ሽቦ ሳይቀር ወጥሬበት። መንደሩ ሁሉ «ብሎኬት መሰለ» አለ። በሁለተኛው ክረምት አክስቴ ደውለው «ያ የጋገርከው ቂጣ ወደቀ» አሉኝ። ስሄድ በር የሚያህል ልስን ከነሽቦው ተገንጥሎ መሬት ላይ ተኝቷል። ከኋላው ያለውን ጭቃ ስጨብጠው በጣቶቼ መሃል እንደ ሊጥ ወጣ። የባሕር ዛፉን ቋሚ በአውራ ጣቴ ጥፍር ብቦረቡረው ገባልኝ። ላዩ ያማረ ግድግዳ ውስጡ በስብሶ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የጠጣውን ውሃ በፊቱ በኩል ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ደረቅ ቅርፊት ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ያንተ ቤት ላይ ልስኑ የሚረግፈው እግሩ ጋ ብቻ መሆኑ በራሱ ይናገራል፤ ግድግዳው ሁሉ ደካማ ቢሆን ከላይም ይረግፍ ነበር። ውሃው ከሦስት ቦታ በአንዱ፣ ምናልባትም ከሦስቱም ይመጣል። ከክዳኑ የሚወርደው ዝናብ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው ይፈናጠራል፤ የጭቃ ነጠብጣቡ እስከ ጉልበት ከደረሰ ምስክርህ እሱ ነው። ከላይኛው ተዳፋት በኩል የሚወርደው ጎርፍ መሬት ለመሬት ሰርጎ ከቤቱ ሥር ይገባል። ሦስተኛው ደግሞ ከግንባታ የተረፈ አፈርና አመድ ግድግዳው ላይ ተከምሮ መቅረቱ ነው። ሦስተኛውን በአንድ ጠዋት በአካፋ ትጨርሰዋለህ።

ለመጀመሪያው፣ ክዳኑ ከግድግዳው ስንት ሳንቲም እንደወጣ ለካ። ከ60 ካነሰ ቆርቆሮ ጨምርበት፤ ሚስማሩን ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ምታ፣ ከቦዩ ላይ የተመታ ሚስማር በእውነት ያፈሳል። አሸንዳ ግጠምለትና ውሃውን ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል ውሰደው። 1 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ነው፤ ያንተ ክዳን ከነሽፋኑ 45 ካሬ ቢሆን 20 ሚሊሜትር የዘነበበት አንድ የሐምሌ ቀን 900 ሊትር አወረደ ማለት ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ከሦስት በርሜል በላይ ይቀርልሃል። ዛሬ የእናትህን ግድግዳ የሚበላው ውሃ ይህ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከምንጭ ይቀዳሉ።

ለሁለተኛው፣ በላይኛው በኩል ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል ርቀህ ጉልበት ያልሞላ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍርና በሁለቱም ጎን አዙረህ አውጣው። ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳትለቀው፤ ተዳፋት አገር ነው፣ መሬት መንሸራተት የሚጀምረው እንደዚህ በአንድ ቦታ ከተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ጠብም እንደዚያው።

ሲሚንቶ የሚገባው እዚህ ነው። የበሰበሰውን ልስን እስከ ጉልበት ድረስ ላጥና ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ ሞክራቸው። የላሉትን ጎን ለጎናቸው አዲስ ቋሚ አቁምላቸው፤ እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግ። ከዚያ በቤቱ ዙሪያ 70 ሳንቲም ስፋት ያለው የድንጋይ ንጣፍ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገህ አስነጥፍ፤ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ዝጋ። ሁለት ኩንታል የሚበቃ ይመስለኛል። የድንጋዩን ሥራ ከጥምቀት በኋላ ብትጀምረው ይሻላል፤ ሌሊቱን ደግሞ በጭድ አልብሰው፤ ያልጠነከረ ሲሚንቶ ውርጭ ከመታው ዱቄት ይሆናል።

የጭቃ ልስኑንም አሁን አትንካው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እርጥብ ጭቃ ሌሊት ውስጡ ያለው ውሃ ይረጋና ይነፋዋል፤ ጠዋት ሲሟሟ ይፈረፈራል። ቀጥሎ የበልግ ዝናብ ይመጣል። ለእናንተ አገር የልስን ወር ግንቦት ነው፤ በልግ አልቋል፣ ክረምት አልገባም፣ ሌሊቱም አይከፋም። ጭዱን ግን አሁን ከመኸሩ ያዝ። የጤፍ ጭድ ለልስን የሚስተካከለው የለም፤ ለኮርኒሱ የገብሱም ይሆናል። አፈርና ጭዱን አቡክተህ ሁለት ሳምንት አቆየው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየጨመርክ እርገጠው። ከመለሰንህ በፊት መዳፍ በሚያህል ቦታ ለጥፈህ ሲደርቅ እየው፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ አሸዋና ጭድ ይቀረዋል። ሲያልቅ ውጭውን ኖራ ቀባው። ኖራ ሲቀባ ዓይን ላይ እንዳይፈናጠር ተጠንቀቅ።

አንድ ነገር ደግሞ በነጻ አለ፤ ፀሐይ። በብርዱ ወራት ቀኑ ጠራራ ነው፤ የእናትህ ቤት ግን ያንን ሙቀት አይቀበልም፣ መስኮቱ ጠባብና በየአቅጣጫው በዘፈቀደ የተከፈተ ከሆነ። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነን። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ክረምት ላይ ነው። ስለዚህ ለመኝታዋ ክፍል ደቡብ ግድግዳ ላይ 80 በ100 የሆነ ባለ መስታወት መስኮት ክፈት፤ ከውስጥ የእንጨት መዝጊያ ይኑረው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይከፈት፣ ፀሐይዋ ሳትወርድ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ። ዘግይቶ የተዘጋ መስኮት የገባውን መልሶ ያስወጣዋል። አልጋቸውን ከውጭው ግድግዳ አርቀህ ወደ ውስጠኛው ክፍልፋይ አስጠጋው፤ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከሆነ ቆጥ ወይም ቀላል የእንጨት አልጋ አሠራላቸው። ላይ የሚደረበውን ሁሉም ያስባል፤ ሰውነትን ግን ከሥር መሬቱ ይመጥጠዋል። ከፍራሹ ሥር አጎዛ፣ ከላይ ባና። ይህንን እናትህ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ አዲሱን ስፖንጅ ፍራሽ ስትገዛላቸው አጎዛውን ጥለህባቸው ከሆነ መልስላቸው።

በጎቹ ቤት ውስጥ ያድሩ እንደሆነ አልጻፍክም። ሙቀት እንደሚሰጡ አልክድም፤ የቆየው ዘዴ ነው። ግን ከሚሰጡት ሙቀት ጋር እርጥበቱም ቁንጫውም ይመጣል። በማድ ቤቱና በቤቱ መካከል ጋጣ ብታደርግላቸው ድምፃቸውም ይሰማል፣ ሌባም አይደፍርም።

ኮምቦልቻ ስለ ማምጣቱ፦ እሺ ካሉህ አምጣቸው፤ ግን አጎበር ሳትሰቅል አይደለም። ጉጉፍቱ ላይ ውርጭ የሚጀምርባቸው ጥቅምትና ኅዳር ቆላና ወይና ደጋው ላይ ወባ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጋ የኖሩ ሰው ወባን የሚቋቋም ሰውነት የላቸውም። ትኩሳት ከታየ ብርድ ነው ሳትል በዚያው ቀን አስመርምራቸው። እኔ እንደምገምተው ግን በጎቻቸውን ትተው አንድ ሳምንት አይቆዩልህም።

ስትወጣ ሜትር ያዝና አራት ነገር ለክተህ ጻፍልኝ፦ ክዳኑ ከግድግዳው የወጣበትን፣ የእርጥበቱን ከፍታ በአራቱም ግድግዳ፣ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ቆርቆሮው ያለውን ክፍተትና ከላይኛው ተዳፋት እስከ ቤቱ ያለውን ርቀት። ፎቶም አንሳ፤ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጓሮ፣ ከላይ ወደ ታች። አንደኛው ግድግዳ ብቻ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ከረጠበ ከቦዩ ጀምር፤ ለኮርኒሱ የሚሆነው ጭድ እስኪደርቅ ይጠብቅሃል።